የሰው ላም ቆዳ

ባለፈው ወር ቀበሌ ስኳር ልወስድ ሄጄ ካርዴን ቤት ረስቼው ኖሯል። ሚዛኑ ጋ የሚሠራው ልጅ ሲወለድ እናቱን ያረስኩ እኔ ነኝ። እሱም አልካደኝም። «እማማ፣ እርስዎንማ አውቅዎታለሁ፤ ግን ካርድ ካላየሁ መስጠት አልችልም» አለኝ አንገቱን ደፍቶ። ሰልፉ ላይ ያሉት ሴቶች ተቆጡልኝ፣ አንዷማ «ያሳደጉህን ሴትዮ!» ብላ ልትደበድበው ምንም አልቀራት። እኔ አልተቆጣሁም። ድሃ እርዳታ ሲቀበል ማስረጃ እንደሚጠየቅ ካወቅሁ ሃምሳ ዓመት አልፎኛል። ካርዴን ላመጣ ወደ ቤት ስመለስ መንገዱን ሙሉ የማስበው ስለ ስኳሩ ሳይሆን ስለ አንዲት ቡላ ላም ቆዳ ነበር።

ፊደል የቆጠርኩት በስተርጅና፣ በመሠረተ ትምህርት ነው። ስለዚህ ጽሑፌ ቢንጋደድ የሚያነበኝ ይቻለኝ። ይህን ነገር ለማንም ተናግሬው አላውቅም፤ ለልጄም ቢሆን ግማሹን ነው የነገርኳት።

አዳማ የመጣሁት ከመንዝ ነው፣ ባሌን ተከትዬ፣ ገና በአሥራ አምስት ዓመቴ። እሱ ሐዲድ ላይ የቀን ሠራተኛ ነበር። የዛሬዋን አዳማ የሚያውቅ ሰው ያኔ የነበረችውን ብነግረው አያምነኝም። ባቡር ጣቢያው፣ ከጣቢያው ጀርባ የዐረቦቹና የግሪኮቹ የቆርቆሮ መጋዘኖች፣ ከዚያ ወዲያ የእኛ የሣር ጎጆዎች፣ ከዚያ ደግሞ ቁልቋልና ግራር ብቻ። ንፋሱ ግን ያው የዛሬው ነው። አቧራውን አንስቶ ሊጥ ላይ ይበትነዋል፤ አሸዋ ያልበላ አዳሜ አልነበረም።

ባሌን ንዳድ ገደለው። ለሥራ ወደ አዋሽ ወርደው ሰነበቱ፤ ሲመለስ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ በዘጠነኛው ቀን አረፈ። ደሞዙ የቀን ስለነበር እሱ የሞተ ዕለት ደሞዙም አብሮት ሞተ። የቀሩኝ የአራት ዓመት ሴት ልጅ፣ ገና ሦስት ወር የሆነው ወንድ ልጅና አንድ የድንጋይ ወፍጮ ናቸው። የሰው እህል መፍጨት ጀመርኩ። ከፈጨሁት ላይ እፍኝ እፍኝ ይተውልኛል፤ ያችን እፍኝ ጠዋት ካበላኋቸው ለማታ የለም፣ ለማታ ካቆየኋት ጠዋቱን ልጂቱ ታለቅሳለች። ሀብታም ስለ ነገ ያስባል ይባላል። እኔ ደግሞ ስለ ነገ የማላስብበት ደቂቃ አልነበረኝም፤ የማስበው ግን አንዲቷኑ እፍኝ ነበር። በዚህ መሐል ጡቴ ደረቀ።

ገበያ ቀን ከፈጨሁት የተረፈኝን ዱቄት ይዤ የምቀመጠው አንዲት ቅቤ ሻጭ አጠገብ ነበር። የመጣችው ከመልካሳ በኩል፣ ከአዋሽ ወዲህ ካለው መንደር ነው፤ ኦሮሞ ናት፣ አማርኛዋ ከእኔ ኦሮምኛ ይሻል ነበር። አንድ ቀን ልጄ ደረቅ ጡቴን ይዞ ሲታገል ዝም ብላ ስታየው ዋለች። ስትነሳ ከቅቤዋ በጣቷ ቆንጥራ አፉ ውስጥ ጨመረችለትና ሄደች። በሚቀጥለው ገበያ ባሏን ይዛ መጣች። ረጅም፣ ሽበታም፣ ንግግር የማያበዛ ሰው ነው። ልጄን አየው፣ እኔን አየኝ፣ ወፍጮ የላጠውን እጄን አየው። «ነገ ነዪ፣ ኢንተላ ኮ» አለኝ፤ ልጄ ማለቱ ነው።

በማግስቱ ሄድኩ። ቡላዋን ላም ከነጥጃዋ አውጥቶ ገመዷን በእጄ አስያዘኝ። እነሱ ደበሬ ይሉታል፤ ከብት ያለው ከብት ለሌለው የሚያደርገው ነው። እርጥብ ሣር ነጭቶ በእጄ ላይ አስቀመጠ፣ እንትፍ እንትፍ ብሎ መረቀኝ፤ ሚስቱ አጠገቡ ቆማ ቃሉን ወደ አማርኛ መለሰችልኝ። «ወተቱ ያንቺ ነው። ኩበቱ ያንቺ ነው። ላሟና የምትወልደው የእኛ ነው። አትሸጪ፣ አትረጂ። ዋቃ አምላክ ከወሰዳት መጥተሽ ንገሪን።» ይኸው ነው። ስለ ቆዳ አንድም ቃል አልወጣቸውም። ለእነሱ የሚነገር ነገር አልነበረም፤ ለሰው ተንፍስ ተብሎ አይነገረውም። በእኛም አገር የርቢ ከብት አለ፣ ግን እኔ ያደግሁት ከብት በረት ደርሶ በማያውቅበት ቤት ነው። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ የሚባለው ስለ እኛ ነበር። አሁን ግን ላሟ በምድር ላይ ቆማ ጭራዋን ትወዛውዝ ነበር።

ያን ዓመት እንደ ሰው ኖርኩ። ልጄ አንገቱ ጠናለት፣ ጉንጩ ሞላ፣ ዳኸ፣ ቆመ። ከልጆቼ የተረፈውን አንድ ጣሳ ወተት ለግሪኩ ሱቅ እሰጥና ጨውና ሳሙና እይዛለሁ። ለልጂቱ ቀሚስ ገዛሁላት። ጎረቤቶቼ «እመቤት ሆንሽብን» እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር፤ እኔም ቀልዱን አልጠላሁትም። የዕድገቴ መጨረሻ ያ እንደሆነ ማን ነግሮኝ። ጥጃው ሲጠነክር ነድቼ ለባለቤቶቹ መለስኩ፤ ሽማግሌው በጣም ደስ አለው፣ ምሳ አብልቶ ሸኘኝ።

ከዚያ በልጉ ቀረ። ክረምቱ ይመጣል ሲባል እሱም ዘገየ። ከተማው ዙሪያ ያለው ሣር ተግጦ አለቀና ከብቶቹ የግራር ፍሬ ይለቅሙ ጀመር፤ እሱም አለቀ። እኔ ከፈጨሁት ገለባና እብቅ እየለመንኩ አመጣላታለሁ። ወተቷ ወደ አንድ ጣሳ ወረደ፣ ከዚያ ወደ ግማሽ፤ እሷንም ለወንዱ ብቻ አደረግኋት። አንድ ጠዋት ብሄድ ላሟ ተኝታለች፣ መነሳት አቅቷታል።

የከሳ ከብት ከወደቀ በሰው ኃይል ነው የሚነሳው። ከፊት በቀንዷ፣ ከኋላ በጭራዋ፣ ከጎን በትከሻ ተይዛ። ሦስት ጠዋት ጎረቤቶቼ ወጥተው አነሱልኝ። ትቆማለች፣ እግሮቿ ይንቀጠቀጣሉ፣ ፀሐይ ሲሞቅ ተመልሳ ትወድቃለች። በሦስተኛው ቀን አጠገቤ ያለችው ጎረቤቴ፣ እሷም ባሏ ሐዲድ ላይ የሚሠራ የመንዝ ሴት ናት፣ እጄን ይዛ ወደ ጎን ወሰደችኝ። «እኔን ስሚኝ። ሳትሞት ትታረድ። ከሞተች በክት ነው፣ ለጅብ ነው የምትሆነው። አሁን ብትታረድ ለልጆችሽ የወር ቋንጣ ይወጣታል» አለችኝ።

እውነቷን ነበር። ልጂቱ ከትናንት ወዲያ ንፍሮ ከበላች ወዲህ ምንም አልቀመሰችም። እኔ ግን እምቢ አልኩ። «አትረጂ ተብያለሁ። የሰው ላም ነች» አልኳት። «አንቺና እውነትሽ!» ብላኝ ሄደች። በአራተኛው ቀን ጎህ ሲቀድ ላሟ ሞተች። የጎረቤቴ ባል ገፈፈልኝ፤ ሥጋውን ገደል ውስጥ ጣልነው። ጎረቤቶቼ ለክርስቲያን የማይበላ ሥጋ ሲጣል ቆመው ሲያዩ ፊታቸው ላይ የነበረውን አልረሳውም።

ቆዳውን በችካል ወጥሬ ሁለት ቀን አደረቅሁት። አሁን ሄጄ ለሽማግሌው መናገር አለብኝ። መንገዱ የግማሽ ቀን ነው፤ ልጄን በጀርባዬ አዝዬ እርጥበቱ ያልለቀቀውን የላም ቆዳ በራሴ ተሸክሜ እንዴት እንደምደርስ ሳስብ ያችው ጎረቤቴ መጣች። «ቆዳ ተሸክመሽ ምን ያንከራትትሻል? ደግሞ መንገድ ላይ ይሸትታል፣ ዋጋው ይወርዳል። ጣቢያ ሸጠሽ ብሩን አስረክቢያቸው። እነሱስ ቢሆን ወዴት ሊሸጡት ነው? እዚሁ ይዘውት ሊመጡ አይደል?» አለችኝ። የአዳማ ሰው እንዲህ ነው የሚያስበው፤ ቆዳ ማለት ባቡር የሚጠብቅ ብር ነው። ምክሩ ቀና መሰለኝ፣ ዛሬም ሳስበው ቀና ነው የሚመስለኝ።

ቆዳ ገዢው ዐረብ ነበር፣ ክፉ ሰው አልነበረም። ቆዳውን አነሳ፣ በአውራ ጣቱ ዳበሰው፣ የከሳች ላም ነች ብሎ አፉን አጣመመ፣ ከክምሩ ላይ ወረወረውና አንድ ጠገራ ብር ሰጠኝ። ነጠላዬ ጫፍ ላይ ቋጠርኩት። ወደ ቤት ስመለስ በእህል ሻጮቹ መሐል ነው ያለፍኩት። ጤፉ ፊት ቆምኩ። ብሬን መንዝሬ ትንሽ ብገዛ ማን ያየኛል? የቀረውን ብሰጣቸውስ ዋጋውን ማን ያውቃል? አይሆንም አልኩ። ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ ከዚያ ብር ላይ አንዲት ቤሳ አልነካሁም። ልጆቼ ያን ቀን የበሉት ጎረቤቴ የሰጠችንን ነው። በዚያ ነገር ኮርቼ ነበር፤ ኩራቴን አሁን ሳስበው ነው የሚያቃጥለኝ።

በማግስቱ ልጂቱን ለጎረቤቴ ትቼ ወንዱን አዝዬ ወጣሁ። መንደሩ ስደርስ ፀሐይ አናት ላይ ነበረች። ግቢው በር ላይ፣ ግራሩ ሥር፣ ግንባሯ ነጭ የሆነ ጥቁር ላም ከነጥጃዋ ታስራ ቆማለች። ሌሎቹ ከብቶች ሁሉ አዋሽ ወርደው ሳሉ እሷ ብቻ ምነው ቀረች ብዬ አለፍኩ። ሴትዮዋ ገና ስታየኝ ልጁን ከጀርባዬ ተቀበለችኝ። «አካም ኦልቴ? እንዴት ዋልሽ? ልጁ ከሳ» አለችና ጮጮ፣ ያን ከተክል ሥር የተሰፋውን የወተት ዕቃ፣ አመጣች። ልጄ ሁለት እጁን ጮጮው ላይ ለጥፎ ይጠጣ ጀመር፤ ወተቱ በአገጩ ይወርዳል፣ መተንፈስ ረስቷል። አፈርኩ። የሰው ላም ሞታብኝ መጥቼ ልጄ እንዲህ ሲስገበገብ! «ይበቃዋል፣ ይበቃዋል» ብዬ ጮጮውን ከአፉ ወስጄ መለስኩላት። ልጁ አለቀሰ። ሴትዮዋ አንዴ እኔን አንዴ እሱን አየች።

ሽማግሌው ከሁለት ሰዎች ጋር ጥላ ሥር ተቀምጦ ነበር። ሰላም ተባባልን። «ላሟ ወደቀች ሲሉ ሰምቻለሁ» አለኝ፤ ድምፁ የሐዘን እንጂ የቁጣ አልነበረም። እኔም «አባቴ፣ ሞተችብኝ» አልኩና ነጠላዬን ፈትቼ ብሩን ፊቱ ያለው ቁርበት ላይ አስቀመጥኩለት።

ብሩን አየው። አልነካውም። «ይኼ ምንድነው?»

«የላሟ ቆዳ ነው አባቴ። ሸጬ ያገኘሁት ነው፣ አንድም አልነካሁበትም።»

አንደኛው ሰውዬ ለሌላው በኦሮምኛ አንድ ቃል አለው። «ጉርጉርቴ።» ሸጠችው ማለት ነው። ያችን ያህል ኦሮምኛ አውቃለሁ። ቆዳውን ማለቱ መስሎኝ ራሴን ነቀነቅሁ። ወይ እኔ፣ በገዛ ራሴ ላይ መስክሬ አረፍኩት።

ሽማግሌው ዓይኑን ከብሩ ላይ አነሳ። «ላም ስትሞት ቆዳዋ ይመጣል» አለኝ፣ እንዲገባኝ ቀስ እያለ። «ጆሮዋ ላይ የእኛ ምልክት አለ፤ ሁለት ቦታ የተቀደደ። ቆዳው ከነጆሮው ይመጣል፣ እናየዋለን፣ እናዝናለን። ብር የሚመጣው ላም ስትሸጥ ነው።» ባለፈው ዓመት ከተማ ለነበሩ ሁለት ቤቶች ላም ሰጥቶ እንደነበረ፣ ሁለቱም ለጣቢያው ሥጋ ሻጭ ሸጠው ሞተች እንዳሉት ነገረኝ። አንደኛው እንዲያውም እንደ እኔ ብር ይዞ ነበር የመጣው፣ ለማባበያ።

ማልኩ። በልጆቼ ማልኩ። «ሦስት ጠዋት ያነሱልኝ ጎረቤቶቼ አሉ፣ ይምጡና ይመስክሩልኝ» አልኩት። «ጎረቤቶችሽ የአንቺ ናቸው» አለኝ። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም፤ የከተማ ምስክርም እዚያ ግቢ ውስጥ ዋጋ አልነበረውም። ልነሳ ስል «ቆዳው ካለ አምጪው። ጆሮውን ብቻም ቢሆን። ብርሽን ያዢ» አለኝ። ሴትዮዋ ልጁን በጀርባዬ አሳዘለችኝ። ልጄ ትንሽ ጠጥቶ ስለነበር አዳማ እስክንገባ ድረስ ተኛ።

ጠዋት ጎህ ሳይቀድ ጣቢያ ነበርኩ። ክምሩ የለም። ዐረቡ እጁን ወደ ሐዲዱ ዘረጋ። «ጅቡቲ። ትናንት ተጭኗል» አለኝ። ጆሮውስ አልኩት። አልገባውም። የራሴን ጆሮ ይዤ አሳየሁት። ከሳቁ በኋላ ሠራተኞቹ የመጋዘኑን ጀርባ አሳዩኝ፤ ቆዳ ከመታሰሩ በፊት ጆሮውና ጭራው፣ ምንም ዋጋ ስለሌለው፣ በካራ እየተቆረጠ እዚያ ይጣላል።

ያን ጉድጓድ እንዴት ልናገረው። ዝንቡ፣ ሽታው፣ ውሾቹ። ውሾቹን በድንጋይ እያባረርኩ በእጄ ቆፈርኩ። የስንቱ ከብት ጆሮ ነበር! ጥቁር፣ ቀይ፣ ዳልቻ፣ ቡላም ነበረ፤ እያንዳንዱን እያነሳሁ ቅዱን እፈልጋለሁ። አንዱን አንድ ቦታ ተቀዶ አገኘሁት፣ ሁለተኛው ቅድ ግን የለም። እሱን ይዤ ልሂድ ይሆን ብዬ አሰብኩ። ሁለተኛውን ቅድ በካራ ልጨምርበት ይሆን ብዬም አሰብኩ፤ አልዋሽም። ከዚያ ወረወርኩት። ሌባ ሳልሆን ሌባ ከተባልኩ በኋላ እውነተኛ ሌባ ሆኜ ለመታመን መሄድ አስጠላኝ። ሠራተኞቹ ዕብድ መስዬአቸው ዳቦ ወረወሩልኝ። ዳቦውን አንስቼ ለልጆቼ ወሰድኩላቸው።

ወደ መልካሳ አልተመለስኩም። ምን ይዤ? ቅቤ ሻጯም ከዚያ ወዲያ ገበያ ላይ አጠገቤ አልተቀመጠችም፤ ወይ ባሏ ከልክሏት ነው፣ ወይ አፍራልኝ ነው። ልጄ ወተት በቀረበት በሦስተኛው ሳምንት ሆዱን ያዘው። ቀጭን የአጃ ሙቅ አጠጣው ነበር፣ አልረጋ አለው። ሁለት ወር ታገለ። ያን ጠገራ ብር እስከዚያ ድረስ አልነካሁትም ነበር፤ የሰው ገንዘብ ነው ብዬ በወፍጮዬ ሥር ቀብሬው ነበር። የመነዘርኩት ለመገነዣ አቡጀዲ ነው።

ይህ በሆነ በስንት ዓመቱ፣ ጣልያን መጥቶ ከሄደ በኋላ፣ ገበያ ላይ አንዲት አሮጊት እጄን ያዘችኝ። እሷ ነበረች። ሽማግሌው አርፏል፤ ከብቱም አልቋል። ጥግ ወስዳኝ ተቀመጥን። «ልጁ ስንት ዓመት ሞላው?» አለችኝ። መሞቱን ነገርኳት። ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች።

«አንቺ ባዶ እጅሽን ብትመጪ ኖሮ» አለችኝ ኋላ ላይ። «ቆዳም ሳትይዢ፣ ምንም ሳትይዢ መጥተሽ ብታለቅሺ ኖሮ ያምንሽ ነበር። ብሩ ነው ያስጠረጠረሽ። ላሟ ወደቀች ሲሉት ያን ዕለት ሌላ መርጦልሽ ነበር። የያዛት ላም ለሞተችበት ሰው ደግሞ ሌላ ይሰጠዋል፣ ወጋችን ነው። ግራሩ ሥር ታስራ አላየሻትም? ግንባሯ ነጭ?»

አየኋት አልኳት።

«እስክትመጪ ነበር ያሰርናት። ልጅሽ የጠጣው የእሷን ወተት ነው።»

ብዙ ሰዎች ስለዚያ ልጅ ሞት ሲጠይቁኝ በችጋር ነው የሞተው እላለሁ፤ ሁሉም ራሱን ነቅንቆ ያልፋል። ያን ቀን ይዞት የነበረው ጮጮ ውስጥ ገና ግማሹ ወተት ነበር። ሁለት እጁን ለጥፎበት ነበር። ይበቃዋል ብዬ ከአፉ የነጠቅሁት እኔ ነኝ።